ሲሮጡ የታጠቁት
የመተማ ቆላ የዕጣን ዛፍ ለቤተሰባችን ያለው ትምህርት

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ አባቶች። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለልጆቻችንም ደጋግመን እንነግራቸዋለን። ኑሯችን ግን ሌላ ይናገራል። ትዳር ስንይዝ እየሮጥን ነው፤ ቤት ስንሠራ እየሮጥን ነው፤ ልጅ ስናሳድግ፣ ስንነግድ፣ ስንማር፣ ስናገለግልም እየሮጥን ነው። ሰው መንገድ ላይ አግኝቶን "እንዴት ናችሁ?" ሲለን "ሩጫ ነው" ብለን እናልፋለን። ሩጫው ወዴት እንደሆነ ቢጠይቀን ግን ቶሎ የምንሰጠው መልስ የለንም።

ዝግታ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ስንፍና ነው። ቀስ የሚል ሰው ወደ ኋላ የቀረ ሰው ይመስለናል። መጽሐፍ ቅዱስም ቢሆን ሰነፍን አያመሰግንም፤ ከጉንዳን እንዲማር ነው የሚልከው (ምሳሌ ምዕራፍ 6)። ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ሥራን ስለ መሸሽ አይደለም። የምንነጋገረው ነገር ሁሉ የራሱ የማደጊያ ጊዜ ስላለው ነው፤ ያንን ጊዜ ስንነጥቀው የምናጣው ደግሞ የዛሬውን ሳይሆን የነገውን ነው። ይህን እውነት በግልጽ ከምናይባቸው ቦታዎች አንዱ፣ ስሟ ከጥድፊያ ጋር የሚነሳው መተማ ናት።

ጊዜ የማይሰጠው ሰሊጥ

መተማን ብዙዎቻችን የምናውቃት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ቦታ በመሆኗ ነው። ከጎንደር ከተማ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው ይህ ቆላ ዛሬ በምዕራብ ጎንደር ዞን ውስጥ ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ገንዳ ውሃ ስትሆን፣ መተማ ዮሐንስ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የድንበር ከተማ ናት። በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መሬቱ ጥቁርና ሰፊ ነው፤ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይበቅልበታል።

የአካባቢው ሀብት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ለአገራችን የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙት ሰብሎች ዋነኛው ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ የጎንደር ሰሊጥም በገበያ ራሱን የቻለ ስም አለው። ክረምቱ ሲገባ ይዘራል፤ በሦስት ወይም በአራት ወር ውስጥ ይደርሳል። የታችኛው ቅጠል ረግፎ ፍሬው ቢጫ መሆን ሲጀምር ወዲያው መታጨድ አለበት። ጥቂት ቀን ከዘገየ ዘሩን የያዘው ሽፋን ይከፈትና ዓመት ሙሉ የተደከመበት ምርት መሬት ላይ ይፈስሳል።

ይህን ሥራ ማሽን አይሠራውም፤ የሰው እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰላም በሆነባቸው ዓመታት መስከረም ተጋምሶ ጥቅምት ሲቃረብ ከደጋው አገር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ዙሪያ ብዙ ሺህ ወጣቶች ማጭድ ይዘው ወደዚህ ቆላ ይወርዳሉ። ገንዳ ውሃና ኮኪት በሰው ይሞላሉ። ባለ እርሻው ሠራተኛ ፍለጋ ይሮጣል፤ ሠራተኛው የተሻለ ክፍያ ፍለጋ ይሮጣል፤ ነጋዴው ዋጋ ሳይለወጥ ለመግዛት ይሮጣል። በዚያ ሰሞን "ቀስ በሉ" ብሎ የሚመክር ሰው ቢገኝ የሚሰማው አያገኝም፤ ምክሩም ትክክል አይሆንም። ለሰሊጥ አጨዳ መፍጠን ጥበብ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ የሚያስቸኩል ሰብል እንኳ ቆሞ የሚጠበቅበት ጊዜ አለው። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ ታስሮ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ ማሳው ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ነው ሸራ ላይ ተገልብጦ የሚራገፈው። ሳይደርቅ ቢያራግፉት ዘሩ አይወርድም። መክብብ ምዕራፍ 3 ለመትከልም ለመንቀልም የየራሱ ጊዜ እንዳለው ሲናገር ገበሬ የሚያውቀውን ነገር ነው የሚናገረው። ጥበቡ የትኛው የመፍጠን፣ የትኛው የመጠበቅ ጊዜ እንደሆነ መለየቱ ላይ ነው።

በጠብታ የሚሰበሰብ ሀብት

በዚያው በመተማና በቋራ፣ ለእርሻ በማይመቹ ድንጋያማ ተረተሮች ላይ ሌላ ሀብት አለ። የዕጣን ዛፍ ነው። ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ይነሳል። ዝናቡ ሲያቆም ቅጠሉን አራግፎ በጋውን በሙሉ ራቁቱን ይቆማል። ቡና በተፈላ ቁጥር በየቤቱ የሚጨሰው፣ ሰብአ ሰገልም ለሕፃኑ ለኢየሱስ ካቀረቧቸው ሦስት ስጦታዎች አንዱ የሆነው ዕጣን የሚገኘው ከዚህ ዛፍና ከዘመዶቹ ነው።

ዕጣን የሚመረተው በበጋ ነው። በጥቅምት ገደማ ይጀመርና ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ያበቃል። ሠራተኛው በትንሽ ስለታም መሣሪያ ከግንዱ ላይ ጥቂት ቅርፊት ስስ አድርጎ ይልጣል። የመጀመሪያው ቁስል ጥልቀቱ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። ከዚያ ትቶት ወደ ሌላው ዛፍ ይሄዳል። ወተት የመሰለው ፈሳሽ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አየር ሲያገኘው ይረጋል፤ ይደርቃል። ሠራተኛው ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅማል፤ ያንኑ ቁስልም ትንሽ ሰፋ አድርጎ ያድሰዋል። በአንድ በጋ እንዲህ እያለ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሚሰጡት ጥቂት ነው። ያንን ጥቂት አይቶ ተስፋ የቆረጠ ሰው የኋለኛውን አያገኝም።

ታዲያ ዛፉን ይበልጥ በማቁሰል በአጭር ጊዜ ብዙ ማግኘት አይቻልም ወይ? ተሞክሯል፤ ተጠንቷልም። ቁስሉ ከተወሰነ ቁጥር ካለፈ በኋላ ምርቱ አብሮት አይጨምርም። ጥልቅ ቁስል ደግሞ ግንድ ለሚበሱ ነፍሳት በር ይከፍታል። የቸኮለው ሰው ትርፍ ያገኘ መስሎት ዛፉን ያጣል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው በጎረቤታችን በኤርትራ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ውጤት ነው። ይህ ዛፍ የሚያብበውና ዘር የሚይዘው ዕጣን በሚመረትበት በዚያው ቅጠል አልባ ወቅት ነው። ተመራማሪዎቹ ዕጣን የሚመረትባቸውን ዛፎች ካልተነኩት ጋር አስተያዩ። ያልተነኩት ዛፎች ከሚቆስሉት ሦስት እጥፍ ያህል ጤናማ ዘር ሰጡ። ዘሩ ሲዘራ ደግሞ ካልተነኩት ዛፎች ከተለቀመው ከ100 ዘር ከ80 በላይ በቀለ፤ ያለ ዕረፍት ከሚቆስሉት ዛፎች ከተለቀመው ግን ከ100 ከ16 ያነሰ ነበር የበቀለው። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ዛፉ ያለው ጉልበት የተወሰነ ነው። ጉልበቱን ሁሉ ቁስሉን ለመሸፈን ካዋለው ለዘሩ የሚተርፈው የለም።

ልብ እንበል፤ የቆሰለው ዛፍ አልሞተም። ቆሟል፤ ዕጣንም ይሰጣል። ከሩቅ ሲያዩት ምርታማ ዛፍ ነው። የጎደለው ነገር የሚታየው ከእርሱ በኋላ በሚመጣው ትውልድ ላይ ነው። ባለሙያዎች ዛፉ በየተወሰነ ጊዜ ሳይነካ እንዲያርፍ የሚመክሩት ስለዚህ ነው።

ለጋ ያጣ ደን

የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች መተማን ጨምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የሚገኙ የዕጣን ደኖችን ለሁለት ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ጥናት አሳሳቢ ነገር ተናግሯል። ነገሩ በዚያው ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ የዛፎቹ ቁጥር በ90 በመቶ እንደሚቀንስ፣ የዕጣን ምርቱም በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚወርድ ገምተዋል። በቀጣዩ ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በመተማ የቆሙት ዛፎች ዕድሜ በግንዳቸው ቀለበት ሲቆጠር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አዲስ ዛፍ እንዳልተተካ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፋ ያለ ጥናትም ይኸው ችግር ዛፉ በሚገኝባቸው በአብዛኞቹ ቦታዎች መኖሩን አረጋገጠ።

ይህ ሁሉ ከማቁሰል ብቻ የመጣ አይደለም። የ2012ቱ ጥናት እንደ ዋነኛ ምክንያት የሚጠቁመው በየዓመቱ የሚነሳውን የሰደድ እሳት፣ ልቅ ግጦሽንና ግንድ የሚበሳውን ጥንዚዛ ነው። በደኑ ውስጥ ትልልቅ ዛፎች አሉ። መሬት ላይ ጥቃቅን ችግኞችም አሉ። የጠፋው በመካከል ያለው ለጋ ዛፍ ነው።

የዕጣን ችግኝ አስተዳደግ ይገርማል። ከዝናብ ጋር ይበቅላል፤ በጋ ሲመጣ ከላይ ያለው አካሉ ይደርቃል። ላየው ሰው የሞተ ይመስላል። ሥሩ ግን ከአፈር በታች በሕይወት አለ፤ ጥቂት ጉልበትም አጠራቅሟል። በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በበጋ እንደገና ይደርቃል። እንዲህ እያለ ከዓመት ወደ ዓመት ሥሩን ያደልባል። አንድ ቀን ሥሩ በጋውን ለማለፍ የሚበቃ ጉልበት ሲኖረው ግንዱ ሳይደርቅ ይከርምና ወደ ላይ ይወጣል። በእነዚያ የዝምታ ዓመታት እሳት ቢበላው ወይም ከብት ቢግጠው ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ችግኙ የሚፈልገው አጥርና ጊዜ ነው።

እኛ ወላጆች ከዚህ ምን እንማራለን? ልጆቻችን "ምንም እየሠሩ አይደለም" የምንልባቸው ዓመታት አሉ። ትምህርቱ ቀስ ብሎ የሚገባው ልጅ አለ፤ እስከ 20 ዓመቱ የሚሆነውን ያላወቀ ወጣት አለ። የጎረቤት ልጅ ቀድሞ ሲመረቅ፣ ቀድሞ ሲያገባ፣ ቀድሞ መኪና ሲገዛ እኛ ልጃችንን ከላይ ብቻ አይተን "ደረቀ" እንላለን። ሥሩ ሳይጠነክር በግድ ወደ ላይ እንስበዋለን። በአካባቢያችን የተለመደውን ሴት ልጅን ያለ ዕድሜዋ የመዳር ልማድም ከዚህ ለይተን ማየት የለብንም። ሕጉ 18 ዓመት ሳይሞላ ጋብቻ የለም የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድሜዋ ያልደረሰን ልጅ መዳር ለጋውን ዛፍ ማቁሰል ነው። ሰውነቷም፣ ትምህርቷም፣ በኋላ የምትወልዳቸው ልጆችም ይጎዳሉ።

በአንድ ክረምት ለመክበር

የሰሊጥ ዋጋ ጥሩ በሆነበት ዓመት በቆላው ውስጥ ጥቂት ሄክታር ያረሰ ሰው በደጋው ለዓመታት ቢደክም የማያገኘውን ገንዘብ በአንድ ወቅት ሊያገኝ ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙ መሬት ደኑ ተመንጥሮ ለሰሊጥ ዋለ። ሰሊጥ በሰሊጥ ላይ፣ ዓመት በዓመት ላይ ተዘራ። ግብርና የሚያውቁ ሰዎች የሚመክሩት ግን ሰሊጥን ከማሽላ፣ ከጥጥና ከጥራጥሬ ጋር እያፈራረቁ መዝራትን ነው። በአንድ መሬት ላይ ያለ ፋታ አንድ ዓይነት ሰብል ሲደጋገም አፈሩ ይደክማል፤ በሽታውና ተባዩ ይለምዳል። የደከመውን መሬት ትቶ ሌላ ደን መመንጠር ደግሞ ደኑ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ የሚሠራ መፍትሔ ነው።

እግዚአብሔር ለእስራኤል የሰጠው ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነበር። መሬቱ ስድስት ዓመት ይታረሳል፤ በሰባተኛው ያርፋል (ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25)። ሕዝቡ "ታዲያ በሰባተኛው ዓመት ምን እንበላለን?" ብሎ እንደሚጠይቅም አስቀድሞ አውቆ መልስ ሰጥቷል። ጥያቄው የእኛም ጥያቄ ነው። የማረፍ ትልቁ እንቅፋት ነገ እንዳይጎድልብን መፍራታችን ነው።

ይህ ፍርሃትና ቶሎ የመክበር ጉጉት ከእርሻ አልፎ ልጆቻችን ላይም ደርሷል። ከአገራችን ወደ ሱዳን፣ ከዚያም በሰሃራ በረሃ ወደ ሊቢያና ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ከሚወስዱት መንገዶች አንዱ በመተማ በኩል ያልፋል። ለዓመታት ከአዲስ አበባም ከገጠርም የተነሡ ወጣቶች በደላላ ተመርተው በዚህች ድንበር ተሻግረዋል። ያሰቡት የደረሱ አሉ። በበረሃ የቀሩ፣ በአጋች እጅ ወድቀው ቤተሰባቸውን ቤት ያሸጡ፣ በባሕር የሰመጡም አሉ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ 30 ያህል ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ሲገደሉ የሚያሳየው ምስል በወጣ ጊዜ አገሩ በሙሉ እንዴት እንዳዘነ ሁላችንም እናስታውሳለን።

ወጣቶቹን ብቻ አንውቀስ። ብዙ ጊዜ የሚያስሮጣቸው የቤታችን ወሬ ነው። "የእገሌ ልጅ ለእናቱ ቤት ሠራላት" የሚለው ቃል በምሳ ሰዓት ስንት ጊዜ ተነግሯል? ልጁ ይሰማል። ዝም ብሎ ይሰማል። አንድ ቀን ሳይሰናበት ይወጣል። ከዚያ በኋላ እናት የምትመኘው ቤት ሳይሆን ስልክ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ። ሱዳናውያን ስደተኞችና በሱዳን ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በብዙ ሺህ ሆነው በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። በካርቱም ለዓመታት የለፉበትን ጥሪት በአንድ ሌሊት ጥለው፣ ልጅ ታቅፈው የመጡ ነበሩ። ተስፋ የተደረገበት አገር ራሱ መሸሸጊያ ፈላጊ ሲሆን ማየት፣ ተስፋችንን በምን ላይ እንደምንሠራ ቆም ብለን እንድናስብ ያደርጋል።

"ቀስ በል" ማለት የጠገበ ሰው ምክር ነው?

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። ዕለት በዕለት ሠርቶ ለሚበላ ሰው ስለ ዝግታ መስበክ ምን ይረባል? ሰላም በጠፋበት፣ መንገድ በሚዘጋበት፣ ኑሮ በየቀኑ በሚወደድበት ጊዜ "አትቸኩል" ማለት ቀልድ አይሆንም ወይ? የአማራ ክልል ሕዝብ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በግጭት ውስጥ ያሳለፈውን የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ በቀላሉ አያልፈውም።

የቀን ሠራተኛውን እንመልከት። ለሰሊጥ ሲወርድ ሌሊት የሚተኛው ሜዳ ላይ ወይም ግራር ሥር ነው። በመተማና በሑመራ ቆላ የታወቀው ካላዛር የሚባለው በሽታ የሚተላለፈው በጣም በትንሽ የአሸዋ ዝንብ ንክሻ ነው። ዝንቧ ቀን በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በዛፍ ሥር ተሸሽጋ፣ ሲመሽ ወጥታ ትነክሳለች። የታመመው ሰው ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቀውም፤ ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ ይገድላል። ከታከመ ግን ይድናል። ሆኖም የቀን ሠራተኛ አንድ ቀን ከሥራ ከቀረ የዚያ ቀን ደመወዝ የለውም። ስለዚህ ትኩሳቱን ወባ ነው ብሎ፣ ክኒን ውጦ ይቀጥላል። ወደ አገሩ ሲመለስ ደግሞ ያለበት ቦታ ሐኪሙ በሽታውን ቶሎ የማይጠረጥርበት ይሆናል። ይህ ሰው ቀስ ማለት የማይችለው ስለማይወድ ሳይሆን ፋታ የሚሰጠው ስለሌለ ነው።

መልሱን የሰንበት ሕግ ውስጥ እናገኘዋለን። በዘዳግም ምዕራፍ 5 ላይ ትእዛዙ የተነገረው ለባለ ቤቱ ነው። እርሱ ሲያርፍ ልጁም፣ አገልጋዩም፣ በሬውና አህያውም፣ በደጁ ያለው መጻተኛም እንዲያርፉ ይናገራል። ምክንያቱንም ይሰጣል፦ አንተም በግብፅ ባሪያ ነበርህና አስብ ይላል በመንፈሱ። እንግዲህ ዕረፍት ድሃው ከራሱ ጉልበት ላይ ቆርሶ የሚገዛው ነገር አይደለም። ያለው ሰው ለሌለው የሚሰጠው ነው። የሠራተኛው ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ይከፈለው የሚለው ሕግም (ዘዳግም ምዕራፍ 24) ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ደመወዙ በሰዓቱ የሚደርሰው ሰው ማረፍ ይችላል።

በመሆኑም የዝግታ ትምህርት መጀመሪያ የሚመለከተው ባለ እርሻውን፣ ነጋዴውን፣ አሠሪውን፣ በቤቱ ሠራተኛ ያላትን እመቤት ነው። ሠራተኛችን በሳምንት አንድ ቀን ታርፋለች? የታመመው ሠራተኛ ሐኪም ቤት ሲሄድ ሥራውን ያጣል ወይስ እናግዘዋለን? የሚተኛበት ቦታ ላይ አጎበር አለ? እነዚህ መንፈሳዊ ጥያቄዎች ናቸው።

በቤታችንና በጉባኤያችን

እኛ የመጋቢ ቤተሰቦችም ከዚህ ሩጫ ውጭ አይደለንም። ሰኞ የጸሎት ፕሮግራም፣ ማክሰኞ ስብሰባ፣ ረቡዕ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ ዓርብ አዳር፣ ቅዳሜ መዘምራን፣ እሑድ ሁለት ጉባኤ። የአገልጋይ ልጅ አባቱን በመድረክ ላይ እንጂ በማዕድ ላይ የማያየው ከሆነ ቤቱ ዕጣን እየሰጠ ዘር የማይሰጥ ዛፍ ሆኗል። ጌታችን ሰው ሲበዛና ደቀ መዛሙርቱ እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ ሲያጡ ለብቻቸው ወጥተው እንዲያርፉ ጠርቷቸዋል (ማርቆስ ምዕራፍ 6)። ደክሞት ሞትን ለተመኘው ኤልያስም እግዚአብሔር በመጀመሪያ የላከለት ስብከት አልነበረም፤ እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውሃ ነበር (1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19)።

ታዲያ ከየት እንጀምር? የሚከተሉት ማንም ቤት ሊሞክራቸው የሚችሉ ናቸው።

1. ከገቢ ጋር አንሩጥ። በአንድ ወቅት የሚገኝ ገንዘብ በአንድ ወቅት ያልቃል። ሰሊጥ የሸጠም ሆነ ከውጭ የተላከለት ሰው ገንዘቡ እጁ ከገባ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ትልቅ ነገር ባይገዛበት፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር ተቀምጦ ቢመክርበት መልካም ነው። ምሳሌ ምዕራፍ 13 ጥቂት በጥቂት የተሰበሰበ ሀብት እንደሚበዛ ይናገራል። ዕቁብም ሆነ የባንክ ቁጠባ የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው።

2. የቡናውን ሰዓት እናክብር። አቦል፣ ቶናና በረካ አባቶቻችንና እናቶቻችን የሰጡን የመቀመጫ ጊዜ ነው። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሦስቱም ስኒ እስኪያልቅ ስልክ ሳይነሳ፣ ቴሌቪዥን ሳይከፈት ከልጆቻችን ጋር እንቀመጥ። ልጅ የልቡን የሚናገረው ብዙ ጊዜ በአቦሉ ላይ ሳይሆን በበረካው ላይ ነው።

3. የሰው ልጅን ከልጃችን ጋር አናወዳድር። ልጃችን ባለፈው ዓመት ከነበረበት ወዴት እንደደረሰ እንጠይቅ። ይህን የሚያውቅ ወላጅ ሥሩን የሚያይ ወላጅ ነው።

4. የሰውነታችንን ድምፅ እንስማ። ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ለሐኪሙ "መተማ ነበርኩ" ብሎ ይንገረው። ይህ አንድ ቃል ሕይወት ያተርፋል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ።

5. ያለንን መሬትና ዛፍ እናሳርፍ። በእጃችን ያለ ማሳ ካለ እናፈራርቅ፤ ዛፍ ካለ ለችግኙ አጥር እንሥራ። አጥር የተሠራለት ደን ውስጥ እሳትና ከብት ሲከለከል ለጋው ዛፍ ዕድል ያገኛል።

የዕጣን ችግኝ ዛሬ አጥር ቢሠራለት ዕጣን የሚሰጠው ለልጆቻችን ነው፤ እኛ ላናየው እንችላለን። ሆኖም ዛሬ በቡናችን ላይ የምናጨሰው ዕጣን ከሰባ፣ ከሰማንያ ዓመት በፊት ማንም ሳይነካው እንዲያድግ ጊዜ ካገኘ ችግኝ የመጣ ነው። ጊዜ ተሰጥቶት ነው ለእኛ የደረሰው። እኛም ለልጆቻችን ከምንተውላቸው ነገሮች አንዱ ያልተነጠቀ ጊዜ ይሁን። ጌታ ይርዳን።

ለቤተሰብ ውይይት

• በቤታችን ውስጥ አሁን "መፍጠን ያለበት" ነገር ምንድን ነው? "መጠበቅ ያለበትስ"?
• በእኛ መሮጥ ምክንያት ዕረፍት ያጣ ሰው አለ? ማን ነው?
• ልጆቻችን ስለ ስኬት ከእኛ አፍ አዘውትረው የሚሰሙት ምንድን ነው?
• በሚቀጥለው ሳምንት የትኛውን ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ለዕረፍት እንለያለን?